ኮንሶል (የጨዋታ ማሽን) በኪሳራ ይሸጣል ይባላል፤ ታዲያ ዋጋው ለምን ይጨምራል? ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ናቲ ከሐዋሳ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ያሉኝ አራት ፕሌይስቴሽን 4 ናቸው፤ ቀን ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች፣ ማታ ከሥራ የሚመለሱ ወጣቶች ይጫወቱባቸዋል። የሚፈለገው ጨዋታ ከሞላ ጎደል እግር ኳስ ብቻ ነው። ሁለቱ ማሽኖች አርጅተዋል፤ ሲሞቁ የማራገቢያቸው ድምፅ ከተመልካቹ ጩኸት በላይ ይሰማል። በእነሱ ምትክ ሁለት ፕሌይስቴሽን 5 ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው፤ ዱባይ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ገዝቶ በሰው ሊልክልኝ ተስማምቷል።

ከመወሰኔ በፊት ግን ሁለት ነገር ከነከነኝ። በጊዜው የኤክስቦክስ ኃላፊ የነበሩት ፊል ስፔንሰር በ2022 በሰጡት ቃል፣ ማይክሮሶፍት በእያንዳንዱ ኮንሶል ላይ ከ100 እስከ 200 ዶላር እንደሚደጉም ተናግረው ነበር። እኔ አንድ ብር ከስሬ ማደር አልችልም። እነዚህ ሰዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ማሽን ከወጪው በታች ሸጠው እንዴት ይኖራሉ? ድጎማውን የሚከፍለው ማን ነው?

ሁለተኛው ደግሞ ይኸው ነው። ልጅ ሆኜ ፕሌይስቴሽን 2 በየዓመቱ እየረከሰ ሲሄድ አይቻለሁ። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በ2020 ሲወጣ 499 ዶላር የነበረው፣ በነሐሴ 2025 አሜሪካ ውስጥ 549.99 ዶላር ገባ። ያረጀ ዕቃ እንዴት ይወደዳል? ዋጋው እስኪወርድ ልጠብቅ ወይስ ልግዛ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ፤ ገንዘቡ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ተስፋዬ ነጋዴ መለሰ፦

ወንድሜ ናቲ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በኪሳራ የሚሸጥ ነጋዴ የለም። ኩባንያዎቹ «እንከስራለን» የሚሉበት ምክንያት አላቸው። በግንቦት 2021 ኤፒክ ጌምስ የተባለው የጨዋታ አዘጋጅ አፕልን በከሰሰበት ችሎት የማይክሮሶፍቷ ኃላፊ ሎሪ ራይት ቀርበው፣ ማይክሮሶፍት በኤክስቦክስ ማሽን ሽያጭ አንድም ጊዜ አትርፎ እንደማያውቅ መስክረዋል። የክርክሩ ጭብጥ ምን ነበር? የኢንተርኔት መደብር ከጨዋታ አዘጋጆች ላይ የሚቆርጠው 30 በመቶ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። «በማሽኑ ስለምንከስር 30 በመቶው ይገባናል» ማለት ለማይክሮሶፍት የሚመች ነገር ነው። ስለዚህ ቃላቸውን በጥንቃቄ ተመልከተው። የራሳቸውን መዝገብ ሳያሳዩ የሚነገር ኪሳራ ለእኔ ኪሳራ አይባልም።

መኮንን ጥገና፣ መገናኛ፣ መለሰ፦

ናቲ፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ። ሥራዬ እነዚህን ማሽኖች መክፈትና መጠገን ነው፤ ከፕሌይስቴሽን 2 ወዲህ በእጄ ያላለፈ ሞዴል ጥቂት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አቶ ተስፋዬ የኩባንያ ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ማለታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ከኩባንያዎቹ ውጭ የሆነ ማስረጃም አለ። አይሳፕላይ የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት በኅዳር 2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ፈታትቶ ዕቃ በዕቃ ተምኖታል። ባለ 60 ጊጋባይቱን ለማምረት 840 ዶላር ገደማ ያስወጣል አለ፤ መሸጫው 599 ዶላር ነበር። ባለ 20 ጊጋባይቱ 805 ዶላር ገደማ ያስወጣል፤ መሸጫው 499። በትንሹ ማሽን ላይ ከ300 ዶላር በላይ ይጎድላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ለባለአክሲዮኖቹ ያቀረበውን ሒሳብ እንይ፤ እስከ መጋቢት 2007 ባለው የበጀት ዓመት የጨዋታ ክፍሉ 232.3 ቢሊዮን የን ከስሯል። የውጭ ሰው ግምትና የኩባንያው መዝገብ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ፣ ነገሩ እውነት ለመሆኑ ለእኔ በቂ ነው።

ያንን የመጀመሪያውን ማሽን በእጁ የከፈተ ሰው ደግሞ ወጪው አይገርመውም። አምስት ኪሎ ይመዝናል። ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው የብሉሬይ ማጫወቻው ነው፤ በ2006 አጋማሽ ሳምሰንግ ለብቻው የሸጠው የብሉሬይ ማጫወቻ 999 ዶላር ነበር፤ ሶኒ ግን ያንኑ ቴክኖሎጂ 499 ዶላር በሚሸጥ ማሽን ውስጥ ከተተው። ፓወር ሰፕላዩም እዚያው ውስጥ ነው። ከሥር ማራገቢያው የሳህን ስፋት አለው፤ የሙቀት ማስወገጃው ብረት በመዳብ ቱቦዎች ተጠላልፎ ከማሽኑ ወለል ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ማዘርቦርዱን ስታወጣው፣ በጃፓንና በአሜሪካ በተሸጡት የመጀመሪያ ሞዴሎች ላይ፣ የፕሌይስቴሽን 2 ቺፕ ጥግ ላይ ተበይዶ ታገኛለህ። የድሮ ዲስኮችን እንዲያጫውት ሲባል ሌላ ሙሉ ማሽን ውስጡ ተቀብሯል። መሐንዲሶቹ ምንም ሳይሰስቱ ሠርተውታል፤ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ሰሌዳ ስከፍት እደሰታለሁ።

በ2007 መጨረሻ 399 ዶላር የወጣውን ባለ 40 ጊጋባይት ስትከፍት ያ ቺፕ የለም። የዩኤስቢ መሰኪያዎቹ ከአራት ወደ ሁለት ወርደዋል፤ የካርድ ማንበቢያውም ቀርቷል። በ2009 የወጣው ቀጭኑ 3.2 ኪሎ ብቻ ነው፤ ዋጋውም 299 ዶላር። ሴል የተባለው ዋና ቺፕ መጀመሪያ በ90 ናኖሜትር ይሠራ የነበረው በ45 ናኖሜትር ስለተሠራ (ቁጥሩ ሲያንስ የቺፑ ክፍሎች ያንሳሉ) ሙቀቱ ቀነሰ፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ብረቱ አነሰ፤ ብረቱ ሲያንስ ፓወር ሰፕላዩም ቀፎውም የማጓጓዣ ኪራዩም አነሰ። በድሮው ስሌት ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከስራል፤ ማሽኑ እያደር ለመሥራት ሲረክስ ግን የጎደለው ይሞላል። ይህ የመጀመሪያው መመለሻ ነው።

ሁለተኛው መመለሻ ጨዋታው ነው። አንድ አዲስ ትልቅ ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ 70 ዶላር ይሸጣል። ከኩባንያው የኢንተርኔት መደብር ሲገዛ 30 በመቶው፣ ማለትም 21 ዶላሩ፣ ለማሽኑ ባለቤት ኩባንያ ይቀራል። በማሽኑ ላይ 150 ዶላር ከስሮ ከሆነ፣ ደንበኛው እንዲህ ያሉ ሰባት ያህል ጨዋታዎችን ሲገዛ ኪሳራው ይካካሳል። ኩባንያው ራሱ ያዘጋጀው ጨዋታ ከሆነማ ብዙ ቶሎ ይመለሳል። በዚያ ላይ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለመጫወት የሚከፈለው የደንበኝነት ክፍያ አለ፤ ኤክስቦክስ ከ2002 ጀምሮ፣ ሶኒ ከፕሌይስቴሽን 4 ጀምሮ ይህንን ያስከፍላሉ። እንግዲህ «ድጎማውን የሚከፍለው ማን ነው?» ላልከው፣ የሚከፍለው ብዙ ጨዋታ የሚገዛው ደንበኛ ነው። ጥቂት የሚገዛው በእሱ ትከሻ ላይ ይጓዛል።

ማሽኑን የሚሸጠውና ከጨዋታው የሚሰበስበው አንድ እጅ ካልሆነ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ትሪፕ ሆኪንስ ያቋቋሙት ሥሪዲኦ የተባለ ኩባንያ በ1993 ለገበያ የወጣውን የጨዋታ ማሽኑን ራሱ አላመረተም፤ ንድፉን ለፓናሶኒክና ለሌሎች አከራየ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ዶላር የሚቀበለው ግን ሥሪዲኦ ነበር። ፓናሶኒክ ከጨዋታው የሚያገኘው ስለሌለ ለምን በኪሳራ ይሸጣል? ማሽኑን 699 ዶላር ለገበያ አወጣው፤ ገዢው ሸሸ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ምርቱ ቆመ። ለጨዋታ አዘጋጆች ከማንም የተሻለ ውል ያቀረበ ኩባንያ ነበር፤ ያ ውል ራሱ ነው የማሽኑን ዋጋ የሰቀለው።

ድጎማ ባለበት ደግሞ መፍሰስ አለ። ከእኛ አገር የነዳጅ ድጎማ ጋር አስተያየው። ነዳጁ እዚህ ከጎረቤት አገሮች ረክሶ በቆየበት ዘመን በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገር ነበር፤ መንግሥት በ2022 ድጎማውን ለይቶ ለመስጠት ከተነሳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከወጪው በታች የሚሸጥ ኮንሶልም እንዲሁ ላልታሰበለት ዓላማ ይሄዳል። ፕሌይስቴሽን 3 ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እንዲጫንበት ይፈቅድ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ኒው ዮርክ ግዛት ሮም በተባለችው ከተማ ከ1,700 በላይ ፕሌይስቴሽን 3 ደርድሮ በ2010 ኮንዶር የሚባል ሱፐር ኮምፒውተር ሠራ። ያን ያህል ኃይል በዚያ ዋጋ ሌላ ቦታ አይገኝም ነበር። እነዚያ ማሽኖች አንድም ጨዋታ አይገዙም። ሶኒ በ2009 ቀጭኑ ሞዴል ላይ ሊኑክስን አልፈቀደም፤ በሚያዝያ 2010 ደግሞ ከቀድሞዎቹም ላይ አነሳው። ለማንሳቱ የሰጠው ምክንያት ደኅንነት ነው፤ ማሽኑን በዚህ አገልግሎቱ ምክንያት የገዙት ሰዎች ግን ከሰሱት፤ እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን እከስ ነበር። ከፍለህ የገዛኸው ዕቃ ያለው አንድ ችሎታ ከሩቅ ሊነጠቅ አይገባም።

ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር ባለቤት ቫልቭም በኅዳር 2025 ስቲም ማሺን የተባለውን ሳጥን ሲያስተዋውቅ ዋጋው እንደማይደጎም፣ በተመሳሳይ አቅም ካለው ኮምፒውተር ጋር እንደሚቀራረብ ተናገረ። ማንኛውም ሰው የፈለገውን ሥርዓት ሊጭንበት የሚችል ክፍት ኮምፒውተር ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ከድጎማ ጋር የሚሸጥ ክፍት ኮምፒውተርን ቢሮዎች በመቶ ገዝተው ለጽሕፈት ሥራ ያውሉታል።

ሀና ከዱባይ መለሰች፦

ሰላም ናቲ፣ ሰላም ጋሽ መኮንን። እኔ ዴራ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከሱቅ በኩል ያለውን ልጨምር።

ኩባንያው ብቻ አይደለም በኮንሶል የማያተርፈው፤ ሱቁም ከማሽኑ የሚያገኘው እጅግ ቀጭን ነው። ከስልክ ሽፋን የምናገኘው መቶኛ ከፕሌይስቴሽን ከምናገኘው በብዙ ይበልጣል። አለቃችን ፕሌይስቴሽን ለሚገዛ ደንበኛ ሁለተኛ ጆይስቲክ፣ የጆሮ ማዳመጫና ቢያንስ አንድ ጨዋታ ሳናሳይ እንዳንለቀው አጥብቆ ያሳስበናል። ስለዚህ ወንድምህ ሲሄድ «ሙሉ ጥቅል» ብለው ሊያባብሉት ይችላሉ፤ የሚያስፈልግህን ቀድመህ ጽፈህ ላክለት። ለአንተ ቤት ሁለተኛ ጆይስቲክ ግድ ነው፤ የቀረው ይቅር።

ከሁሉም በላይ የምለምንህ ዲስክ የማይቀበለውን እንዳይገዛልህ ነው። በ2020 ዲስክ አልባው 399፣ ባለ ዲስኩ 499 ዶላር ነበር። የዲስክ ማጫወቻው ብቻውን ሶኒን 100 ዶላር አያስወጣውም፤ ቀሪው ቅናሽ የተሰጠው በምክንያት ነው። ዲስክ አልባውን የገዛ ሰው ጨዋታ ከአንድ መደብር በቀር የትም አያገኝም፤ ያገለገለ ዲስክ መግዛት፣ መዋስ፣ መልሶ መሸጥ የለም። ከ2023 ወዲህ የወጣው ሞዴል የዲስክ ማጫወቻውን ለብቻ ገዝተህ እንድትጨምርበት ይፈቅዳል፤ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 79.99 ዶላር ነበር። ግን ያን ከመጨመር ከመጀመሪያው ባለ ዲስኩን መግዛት ይሻላል። የኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን መደብር ስለሌለ ዲስክ አልባ ማሽን ይዘህ የሌላ አገር አካውንትና የሌላ አገር የክፍያ ካርድ ፍለጋ ትንከራተታለህ። እዚህ የሚመጡ የሐበሻ ደንበኞችን ሁሉ ይህንኑ ነው የምመክራቸው፤ አንዳንዶቹ ርካሹን አይተው ይወስዳሉ፤ ከወር በኋላ ከአዲስ አበባ «ጨዋታውን እንዴት ላስገባ?» ብለው ይደውላሉ። ልቤ ያዝናል።

ሳሚ ከሲልቨር ስፕሪንግ መለሰ፦

ሁሉም ኩባንያ በዚህ መንገድ እንደማይሄድ መታወቅ አለበት። ኒንቴንዶ ከጥንት ጀምሮ ማሽኑም እንዲያተርፍ የሚፈልግ ኩባንያ ነው። በ2006 ሶኒ በ599 ዶላር ሲከስር፣ ኒንቴንዶ ዊ የተባለውን ማሽን በ249.99 ዶላር አውጥቶ እያተረፈ ሸጧል፤ ምክንያቱም በአዲስ ቺፕ አልተወዳደረም፤ በጆይስቲኩ ነው ሰውን የማረከው። ከዚህ መስመር የወጣው ሲቸገር ነው። በ2011 ስሪዲኤስ የተባለውን የእጅ ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ በ25,000 የን አውጥቶ ሰው አልገዛ ሲለው፣ በስድስት ወር ውስጥ ወደ 15,000 የን ጣለው። ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ፤ ቀድሞ በውድ ለገዙት ደግሞ ሃያ የድሮ ጨዋታዎችን በነጻ ሰጡ። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ያን ዓመት ኩባንያው 43.2 ቢሊዮን የን የተጣራ ኪሳራ አሳየ፤ ማሽኑ ግን ነፍስ ዘራ።

ጋሽ መኮንን ስለ መፍሰስ ያሉትን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ለዚያ የቅርቡ ምሳሌ ጃፓን ናት። ስዊች 2 የተባለው የኒንቴንዶ ማሽን በሰኔ 2025 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 449.99 ዶላር ነበር። ጃፓን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሆኖ ወጣ፤ ሁሉንም ቋንቋ የሚናገረው 69,980 የን፣ ጃፓንኛ ብቻ የሚናገረውና የጃፓን አካውንት ብቻ የሚቀበለው 49,980 የን። ርካሹ በጊዜው ምንዛሪ 340 ዶላር ገደማ ነው። የን ስለወደቀ የጃፓን ቤተሰብ የአሜሪካን ዋጋ አይችልም፤ ዋጋው ለሁሉም ቢቀነስ ደግሞ ነጋዴዎች ከቶኪዮ እየጫኑ ሌላ አገር ይሸጡታል። ስለዚህ ቅናሹን በቋንቋ ቆለፉት። ሶኒም በኅዳር 2025 ጃፓንኛ ብቻ የሆነ ዲስክ አልባ ፕሌይስቴሽን 5 በ55,000 የን አወጣ። ናቲ፣ አንድ ሰው «ከጃፓን የመጣ ርካሽ አለ» ቢልህ መጀመሪያ አስከፍተህ ቋንቋውን እይ።

ናቲ ከሐዋሳ ጻፈ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁም ጊዜያችሁን ሰጥታችሁኛል። እህቴ ሀና፣ የዲስኩን ነገር አሁኑኑ ለወንድሜ ጽፌለታለሁ።

ጋሽ መኮንን፣ ያሉትን ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር አሳሰበኝ። እኔ በዓመት የምገዛው አንድ የእግር ኳስ ዲስክ ነው፤ እሱንም አንዳንዴ ያገለገለ። የኢንተርኔት ክፍያ አልከፍልም። በአንድ ማሽን ላይ ግን በሳምንት ስንት ልጅ ይጫወታል። በእነሱ ሒሳብ እኔም እንደዚያ አየር ኃይል ነኝ ማለት ነው? እና የመጠበቁን ነገር አልነገሩኝም።

መኮንን ጥገና፣ መገናኛ፣ መለሰ፦

ናቲ፣ በመዝገባቸው ላይ አንተ ደካማ ደንበኛ ነህ፤ ይህ እውነት ነው። ያገለገለ ዲስክ ስትገዛ ለሶኒም ለጨዋታው አዘጋጅም ሳንቲም አይደርስም። የእግር ኳሱ ጨዋታ አዘጋጅ ትልቁን ገንዘብ የሚያገኘው በኢንተርኔት ከሚሸጣቸው የተጫዋች ካርዶች ነው፤ የአንተ ልጆች ያንን አይነኩትም። ሆኖም ከአንተ የሚጎድልባቸው ምን እንደሆነ ጠይቅ። ሶኒ በነሐሴ 2021 ባለ 499 ዶላሩ ፕሌይስቴሽን 5 ከዚያ በኋላ በኪሳራ እንደማይሸጥ አስታውቋል። ወንድምህ የሚገዛልህ ማሽን የማንንም ትከሻ አይጫንም። ስፔንሰር የተናገሩት ስለ ኤክስቦክስ ነው፤ ሁለቱን አትደባልቃቸው። ደግሞስ የሶኒ መደብር እኛ ጋ የለም፤ ያልተከፈተ ሱቅ ውስጥ ባለመግዛትህ ማንም ሊወቅስህ አይችልም። የሐዋሳ ልጅ ጆይስቲክ መያዝ የተማረው በአንተ ቤት ነው እንጂ በማስታወቂያ አይደለም፤ ይህንን በሒሳብ መዝገብ ውስጥ የሚያስገባው ኩባንያ ገና አላየሁም፤ ማስገባት ግን ነበረባቸው።

ወደ መጠበቁ ልምጣ። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 አሜሪካ ውስጥ 299 ዶላር ነበር። በ2002 ወደ 199፣ በ2004 ወደ 149፣ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወረደ። አንተ ልጅ ሆነህ ያየኸው ይህንን ነው። ያ ሁሉ የሆነው ቺፕ በየሁለት ዓመቱ ሲያንስ በዚያው ልክ ይረክስ ስለነበረ ነው። ዛሬ ቺፕ ያንሳል፤ ግን እንደ ድሮው አይረክስም፤ አዲሱ የማምረቻ ሂደት ራሱ ውድ ሆኗል።

በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። የ2020ው የመጀመሪያው ሞዴል 4.5 ኪሎ ነው፤ የሙቀት ማስወገጃው ብረት በሁለት እጅ የሚያዝ ነው። የ2021ዱን ስከፍት ብረቱ አንሶ ማሽኑ 300 ግራም ቀሎ አገኘሁት። በ2022 ደግሞ ቺፑ ወደ 6 ናኖሜትር ወርዶ ብረቱ እንደገና አነሰ። በድሮው ልማድ ይህ ሁሉ ሲሆን ዋጋው ሁለት ጊዜ መውረድ ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በዚያው በ2022 በአውሮፓ፣ በጃፓንና በሌሎች ገበያዎች ዋጋው ጨመረ። የተቀነሰው ብረት የዋጋ ንረቱንና የምንዛሪውን ለውጥ አልሸፈነም። በ2025 የአሜሪካ የገቢ ቀረጥ ተጨመረበት። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ2020 ልክ እንደ ፕሌይስቴሽን 5 499 ዶላር ነበር፤ በግንቦት 2025 ወደ 599.99፣ በጥቅምት ደግሞ ወደ 649.99 ዶላር ወጣ። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የማስታወሻ ቺፕ ዋጋ ሽቅብ ሄደ፤ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩት የመረጃ ማዕከላት ቺፑን በጅምላ እየወሰዱት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ውስጥ 16 ጊጋባይት እንዲህ ያለ ማስታወሻ አለ፤ ያ ዋጋ ሲንር ማሽኑ ሊረክስ አይችልም።

በእኛ በኩል ያለውን አንተው ታውቀዋለህ። ሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ገባ። ዱባይ ውስጥ ዋጋው 50 ዶላር ቢቀንስ እንኳ፣ አንተ ስትጠብቅ በያዝከው ብር የሚገዛው ዶላር ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ምክሬ ገንዘቡ ከሞላ አትጠብቅ የሚል ነው። ገና ካልሞላ አንዱን አሁን ግዛ፣ ሁለተኛውን በኋላ። ከአራቱ ፕሌይስቴሽን 4 ሁለቱ ጮኹ ብለህ አትጣላቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚጮኹት አቧራ ሞልቷቸው፣ በቺፑና በብረቱ መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ነው። አስከፍተህ አስጠርገህ ቅባቱን አስቀይር፤ ከአዲስ ማሽን ጋር የማይወዳደር ወጪ ነው፤ አንድ ሁለት ዓመት ያገለግሉሃል።

አዲሱ ሲደርስህ በጎኑ አስተኝተህ አስቀምጠው፤ አታቁመው። ቺፑ ላይ ያለው ፈሳሽ ብረት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ቆመው ከሠሩ ማሽኖች ውስጥ ፈሳሹ ወደ አንድ ጎን የሸሸባቸው ወደ እኔ መጥተዋል። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቀው፤ በየሦስት ወሩ ጎኑን ከፍተህ አቧራውን በብሩሽ አውጣ፤ ለዚህ መፍቻም አያስፈልግህም፤ ክዳኑ በእጅ ተገፍቶ ይከፈታል።